የቅጣው ስንዝር

ሰቆጣ፤ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለበእውቀቱ፤ አዳማ

ደብዳቤህ በአውቶብስ ሾፌሩ በብዙነህ እጅ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታውን ከእንግዲህ በፕላስተር አትለጥፈው፤ ስከፍተው የመጀመሪያው መስመር አብሮ ተቀደደ። ስለ ጤናዬ ጠይቀሃል። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ በመነጽር አነባለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። የቀረው ደኅና ነው። አንተም ከነቤተሰብህ ደኅና መሆንህን በማንበቤ ደስ ብሎኛል።

ማን እንደ ሆንህ ለማስረዳት ሙሉ ገጽ መፍጀት አያስፈልግህም ነበር። በ1986 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ሳለህ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ከቅጣው ጋር ትቀመጥ ነበር። ጂኦሜትሪና የቴክኒክ ሥዕል አስተምሬሃለሁ። መስመርህ ንጹሕ ነበር፤ ስትጠየቅ ግን ድምፅህ አይሰማም ነበር።

ጥያቄህን እንደ ገባኝ ልድገመው፤ የተሳሳትሁ እንደ ሆነ አርመኝ። አንድ የሕጻናት ቤተ መጻሕፍት ከጣሪያው የሚንጠለጠል ትልቅ ነገር እንድትሠራለት አዝዞሃል። አንተም የጠፈር መንኮራኩር ሞዴል እሠራለሁ ብለሃል። ተዘጋጅቶ ተገዝቶ የሚገጣጠም አይደለም፤ እያንዳንዱን ክፍል ከጣውላና ከወዳደቀ ነገር ራስህ ትቆርጣለህ። ፕላን አለህ ወይ ሲሉህ "አለኝ፤ መምህሬ ዘንድ ነው" ብለሃል። ፕላን ያልኸው በዚያ ዓመት ከክፍል የወሰድሁትን፣ ልባሱ ላይ "ኤንትሬ ሁለት" የሚል የተጻፈበትን ደብተር ነው። ከፊቱ ውሃ ፍለጋ ሰማይ የምታቋርጥ መንኮራኩር ታሪክ፤ ከኋላው የመንኮራኩሯ ሥዕል ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ። እንዲሁም እናንተ ከሸምበቆና ከቆርቆሮ ልትሠሩት ያሰባችሁት ሞዴል ልክ። እህል ጭኖ ወደ ሰቆጣ ይመጣ በነበረው ከባድ መኪና ስም መሰየሟንም አልረሳሁም።

ይህን ሁሉ አስታውሳለሁ። አንድ ነገር ግን አልተስማማልኝም። "ደብተሬን" ብለህ ጽፈሃል። እኔ ደብተሩን ያገኘሁት ከዴስካችሁ ሥር ነው። ከፍ አድርጌ ይህ የማን ነው ብዬ ስጠይቅ የተነሣው ቅጣው ነው። "የኔ ነው" አለ። አባትህን ይዘህ ና አልሁት፤ ወጣ፤ አልተመለሰም። አንተ ተቀምጠህ ነበር። ስለዚህ ደብተሩ የማን እንደ ሆነ በግልጽ ጻፍልኝ። የአንዱን ንብረት ለሌላው አላስረክብም።

ደግሞም፣ የሥራ ቤትህ በር ስፋቱ ስንት ነው? ትልቅ ነገር ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ በሩን ይለካል።

ለተሥላሴ


አዳማ፤ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለተከበሩ መምህርቴ ለወይዘሮ ለተሥላሴ፤ ሰቆጣ

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ሰላም እላለሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ እውነትም ተነሥቼ ነበር፤ ባለቤቴ አገኘሁሽ "ማን ገባ?" ብላ በሩን አየች። ፖስታውን ዛሬ በእንጨት ኮላ ለጥፌዋለሁ። እንዳይቀደድ በቢላ ቢከፍቱት ጥሩ ነው።

ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ሥራውን ጀምሬአለሁ። ስድስት ኮምፔንሳቶ ገዝቼ መጀመሪያ አከርካሪውን ቆረጥኩ። አሥራ ስምንት ስንዝር መሆኑን አልረሳሁም፤ ከጠቅላላው ልክ በጭንቅላቴ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ በእጄ ቆጠርኩት። በአከርካሪው ላይ የጎድን አጥንቶቹ ይተከላሉ፤ በአጥንቶቹ ላይ ስስ ጣውላ እንደ ቆዳ ይለብሳል፤ ከዚያ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም። የላዩን ጌጥ ከወዳደቀ ዕቃ እየሰበሰብኩ ነው፤ የተበላሸ ፕሪንተር ጥርሶች፣ የላይተር ጎማ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የሪሞት ሆድ ዕቃ። በርቀት ሲያዩት ቱቦና ሞተር ይመስላል። አገኘሁሽ ከስፌት ማሽኗ የክር ማጠንጠኛ ጠፋብኝ ብላ መሳቢያዋን ቆልፋለች። "ሰማይ ለመውጣት የኔ ቦቢን ምን ያደርግልሃል?" ትለኛለች። አራት ብቻ ነው የወሰድኩት።

የደብተሩን ነገር ስለ ጠየቁኝ፣ የሁለታችንም ነው። ለማለት የፈለግኩት አብረን ነው የሠራነው።

እርስዎን ላለማድከም፣ የጎረቤት ልጅ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ቢልክልኝ በአንድ ቀን ይደርሰኛል። ደብተሩ እዚያው ይቀመጥ።

በሩ ሰፊ ነው።

አክባሪዎ በእውቀቱ


ሰቆጣ፤ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለበእውቀቱ፤ አዳማ

"ሰፊ" ልክ አይደለም። "የሁለታችንም" ደግሞ መልስ አይደለም፤ ከሁለታችሁ የተነሣው አንድ ነውና። ሁለቱንም እንደገና ትመልሳለህ።

ፎቶውን አልፈቅድም። የስልክ ፎቶ ያዛባል፤ ወደ ጠርዝ የሄደው መስመር ይጎብጣል፤ አንተም የጎበጠውን ትቆርጣለህ። ቁጥሩንም በስልክ አልነግርህም። በስልክ የተነገረ ቁጥር ሲሳሳት ማን እንደ ተሳሳተ አይታወቅም። በጽሑፍ እሰጥሃለሁ።

በስንዝር መለካታችሁ ያኔም አናድዶኝ ነበር። ሜትር ባለበት ክፍል ውስጥ ስንዝር። ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ፣ ክንድ ግማሽ ሜትር በሚለው ለውጬልሃለሁ፤ ስለዚህ አንዱ ስንዝር ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። የጎድን አጥንቶቹ ዘጠኝ ናቸው። የመጀመሪያው፣ በአፍንጫዋ በኩል ያለው፣ አንድ ስንዝር ተኩል፤ አምስተኛው፣ የሆዷ፣ አራት ስንዝር፤ ይኸውም መቶ ሴንቲ ሜትር፤ ዘጠነኛው ሁለት ስንዝር። የቀሩትን በሌላ ወረቀት አባሪ አድርጌአለሁ። ክንፏ አምስት ስንዝር፣ ከአካሏ ቀጥ ብሎ የሚወጣ።

የፍየሎቹ ክፍል በሆዷ ውስጥ ነው፤ አሥራ አንድ ፍየል። ምድር ቤቱ የከብት፣ ፎቁ የሰው፤ እንደ ቤታችሁ አድርጋችሁ ነው የሠራችኋት። በሥዕሉ ላይ ይህን ክፍል በሙሉ መስመር ሥለኸዋል። ከውጭ የሚያይ ሰው ፍየሎቹን አያያቸውም። የማይታይ ጠርዝ በቁርጥራጭ መስመር ይሣላል ብዬ በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደ ተናገርሁ አንተ ታውቃለህ። በቁርጥራጭ የተሣለ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ አለ፣ አይታይም ማለት ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ሕንዳዊው የሒሳብ መምህራችን ሚስተር ቶማስ በግምት የመለሰን ተማሪ ከነወንበሩ ወደ በረንዳ ያስወጣ ነበር። አንድ ቀን እኔንም አስወጥቶኛል። ቁጥሮቹን ስትቆርጥ ይህን አስብ።

ለተሥላሴ


አዳማ፤ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለተከበሩ መምህርቴ፤ ሰቆጣ

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሰዎ፤ ደብዳቤው ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል ብዬ ነው ቀድሜ የምለው።

ዘጠኙንም የጎድን አጥንት በላኩልኝ ቁጥር ቆርጬ በአከርካሪው ላይ ተከልኳቸው። ከዚያ ወደ በሩ ሄጄ ዞሬ አየሁ። መምህርት፣ ከጎን ስትታይ የከበደች ላም ትመስላለች። አገኘሁሽ አይታ "መች ትወልዳለች?" አለችኝ። ሥዕላችን እንዲህ አልነበረም። ቀጭን ነበረች።

ስሕተቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አከርካሪውን በእኔ ስንዝር ለክቼዋለሁ፤ የእኔ ስንዝር ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። አጥንቶቹ ደግሞ በእርስዎ ሃያ አምስት ተቆረጡ። ርዝመቷ በአንድ እጅ፣ ወርዷ በሌላ እጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለቱም ትክክለኛው እጅ አይደለም። የደብተሩ ስንዝር የቅጣው ነው። እጁ ትልቅ ስለ ነበር እሱ ይለካል፣ እኔ እሥላለሁ። እንዳይምታታብን መሐለኛው ገጽ ላይ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አስቀመጠ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩት፣ "ልካችን ይህ ነው" ብለን ጻፍንበት። እርስዎ እንደሚያስታውሱት እርግጠኛ ነኝ። ከአውራ ጣቱ ጫፍ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ያለውን ብቻ ቢለኩልኝ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።

ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው ሰኔ 15 ነው ብለውኛል። ስለዚህ እርስዎን ላለማስቸገር መላ አግኝቻለሁ። የእኅቴ ልጅ ምስራቅ እዚያው ሰቆጣ ሥራ ይዛለች። በጥምቀት ሰሞን እርስዎ ዘንድ መጥታ ገጹን ራሷ ትለካለች። ማስመሪያ ይዛ ትመጣለች።

በሩን ለካሁት። ዘጠና ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን መጀመሪያ ባደርገው ኖሮ ጥሩ ነበር።

በእውቀቱ


ሰቆጣ፤ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለበእውቀቱ፤ አዳማ

ምስራቅ በጥምቀት ማግሥት መጣች። ጨዋ ልጅ ናት። ማስመሪያዋን በጉልበቷ ላይ አድርጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች፤ እኔ ስለ እናቷ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ቤት ኪራይዋ ጠየቅኋት። ደብተሩን አላሳየኋትም። የሚታይ ደብተር የለም።

ይህን በጥቅምት መጻፍ ነበረብኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት መንገዱም መብራቱም በተቋረጠ ጊዜ ማገዶ አልነበረም። ጎረቤቴ ወለተ ሰንበት ታማ እኔ ቤት ተኝታ ነበር፤ አጥሚት ማፍላት ነበረብኝ። በመጀመሪያ የፈተና ወረቀቶቹን አነደድሁ፤ የሠላሳ ዓመት ወረቀት ነበር። ቀጥሎ የክፍል መዝገቦቹን። ቀጥሎ ከተማሪ የወሰድኋቸውን ደብተሮች፤ አርባ ሦስት ነበሩ። የእናንተን በመጨረሻ አነደድሁት። መጨረሻ መሆኑን እንደ ውለታ አትቁጠርልኝ። ወለተ ሰንበት ድናለች፤ እሱንም የምጽፈው ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም። ደብተሩ የኔ አልነበረም፤ ከተወሰደ በሳምንቱ መመለስ ሲገባው ሃያ ሰባት ዓመት ሳጥኔ ውስጥ አቆየሁት፤ ከዚያም አነደድሁት።

አሁን ከጻፍሁልህ ቁጥር የትኛው እውነት እንደ ሆነ ልንገርህ። ደብተሩን ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ፤ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም ራሴን። ዘጠኝ አጥንት መሆናቸውን፣ የመጀመሪያውን፣ የሆዷንና የመጨረሻውን፣ እንዲሁም አሥራ አንዱን ፍየል በእርግጥ አስታውሳለሁ። ስድስቱን አጥንቶች በሦስቱ መካከል አከፋፍዬ ሞላኋቸው። ክንፉን ፈጠርሁት። እጁ የተሠመረበትን ገጽ አስታውሳለሁ፤ ልኩን ግን አላውቀውም። ለክቼው አላውቅም።

በግምት የመለሰ ተማሪ ወደ በረንዳ ይወጣል ብዬ በዚያው ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ። ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ኮምፔንሳቶውን አባክኜብሃለሁ፤ ከዚያ የሚበልጠውን ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ።

ደብተሩ የማን እንደ ሆነ የመጠየቅ መብት አሁን የለኝም። ጥያቄውን አንሥቻለሁ።

ለተሥላሴ


አዳማ፤ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለተከበሩ መምህርቴ ለወይዘሮ ለተሥላሴ

ለመመለስ ዘገየሁ። ደብዳቤው እንደ ደረሰኝ አከርካሪውን ከነአጥንቶቹ ከግድግዳው ጋር አስደግፌ አቡጀዲ አለበስኩትና ሁለት ሳምንት ቁም ሳጥን ስሠራ ሰነበትኩ። አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቁጣው በማን ላይ እንደ ሆነ እየተምታታብኝ መጣ።

ጥያቄውን አንሥቻለሁ ብለዋል። እኔ ግን ልመልሰው። ደብተሩ የኔ ነው። በኔ ሳንቲም የተገዛ፣ በኔ እጅ የተጻፈ። ሥዕሉ የኔ፣ ልኩ የሱ። እርስዎ ከፍ አድርገው ሲጠይቁ ልነሣ አስቤ ነበር፤ አልተነሣሁም። አባቴ በዚያ ወር ከትምህርት ሊያስወጣኝ ሰበብ ይፈልግ እንደ ነበር ቅጣው ያውቃል። አየኝና ተነሣ። ከበሩ ሲወጣ አላየሁትም፤ ዴስኩን ነበር የማየው። ነገ ይመለሳል ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ጽፌለት አላውቅም። አምደወርቅ ከተማ ግንበኛ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እና መምህርት፣ ያለ እሱ እጅ ይህን ነገር ልሠራው አልችልም። ጣውላው አይደለም ያስቸገረኝ። በማናቸውም ልክ ብሠራው ያምራል፤ ልጆቹም አያውቁም። ግን ያኔም እሱ ተነሥቶልኝ እኔ ተማርኩ፤ አሁን ደግሞ ልኩን ገምቼ ስሜን ልለጥፍበት ነው። እስከ መጋቢት መጨረሻ ለቤተ መጻሕፍቱ መልስ እሰጣለሁ። መንኮራኩሯን ትቼ ትልቅ ሰዓት ወይም ፀሐይ እሠራላቸዋለሁ።

እርስዎ አይዘኑ። ወለተ ሰንበት በመዳኗ ደስ ብሎኛል።

በእውቀቱ


ሰቆጣ፤ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለበእውቀቱ፤ አዳማ

ሰዓት አትሥራ። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብብ።

የካቲት 26 ቀን በሚኒባስ ወደ አምደወርቅ ሄድሁ። የብረት ሜትር፣ ሁለት እርሳስና አንድ አዲስ ደብተር ይዤ ነበር። ቅጣውን ለማግኘት አልተቸገርሁም። ግንበኛው ቅጣው የት ነው ብዬ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ከማሳየቱ በፊት ወደ አንድ ግድግዳ እየጠቆመ "ይህንንም እሱ ነው የሠራው" ይላል። በስተመጨረሻ አንድ ያላለቀ ግንብ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጺሙ ሸብቷል። ቁልቁል አየኝ።

"መምህርት፣ አባቴን ሳላመጣ ቆየሁ" አለ።

በመንገድ ሳለሁ የምለውን በሙሉ አሰናድቼ ነበር። "ውረድ" አልሁት። "ይህችን ድንጋይ ላስይዛት" አለ። አስያዛትና ወረደ።

ጥላ ሥር ተቀምጠን ነገሩን በተራ ነገርሁት። ደብተሩን እንዳነደድሁት፣ አንተ መንኮራኩሯን እንደ ጀመርህ፣ ደብተሩ የማን እንደ ሆነ እንደ ጻፍህልኝ። የካቲት 5 የጻፍኸውን ደብዳቤ አነበብሁለት። ሳላስፈቅድህ ነው፤ የተገባ መስሎኝ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ "ሠላሳ አንድ ዓመት? ለበእውቀቱ እንዲያውም ቶሎ ነው። እሱ ድሮም አፉን ሲያሟሽ ይመሻል" አለ።

ያን ጊዜ ለምን እንዳልተመለሰ ጠየቅሁት። አባቱ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ቀን በእግሩ ሄዷል። አጨዳ ላይ ደረሰ። አባቱ "ለአንድ ደብተር ብዬ ገብሴን ለወፍ አልተውም" አሉት። ሳይዛቸው ቢመለስ እንደማላስገባው ያውቃል፤ ስለዚህ ከአጎቱ ጋር ድንጋይ ማቀበል ጀመረ። በዚያ ዓመት አራት ጊዜ ስሙን ጠርቼ "ቀረ" ብዬ ጽፌአለሁ። ማንንም ልኬ አላስጠየቅሁም። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርሁት።

"ሰዎች ቅጣው ቢማር ኖሮ እያሉ ያዝኑልኛል፤ ያናድደኛል። እኔ አንድም ቀን አላዘንሁም ብልዎ ደግሞ ውሸት ነው" አለ።

ሜትሬን አውጥቼ ቀኝ እጅህን ስጠኝ አልሁት። ሳቀ። የመሐል ጣቱ ከሥሩ አንድ አንጓ ብቻ ነው የቀረው። ስምንት ዓመት ይሆነዋል፤ የማዕዘን ድንጋይ ወድቆበት ነው። ግራ እጁን ለካሁ፤ ሃያ ሦስት ነጥብ አንድ ሴንቲ ሜትር። ነገር ግን ደብተሩ ላይ የተሠመረው ቀኙ ነው፤ የሰው ሁለት እጅ ደግሞ እኩል አይደለም። ይህን ስነግረው አሰበ። ከዚያ ተነሥቶ "ይምጡ" አለኝ።

የወሰደኝ ወደ ራሱ ቤት ነው። ከትምህርት በወጣ በዓመቱ፣ በ1987፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የገነባው የዚያን ቤት መግቢያ ነው። ሜትር አልነበረውም፤ ዛሬም አብዛኛውን የሚለካው በእጁ ነው፤ ጣቱ እስኪቆረጥ ድረስ በቀኙ፣ ከዚያ ወዲህ በግራው። "በሩ አራት ስንዝር ተኩል ነው፤ በሬ ቀንዱን ሳያስነካ እንዲገባ" አለኝ። ከታች ለካሁ፤ መቶ አምስት ነጥብ ሁለት። ከመካከል፤ መቶ አምስት ነጥብ ሦስት። ከላይ፤ መቶ አምስት ነጥብ አራት። አማካዩ መቶ አምስት ነጥብ ሦስት ነው፤ ለአራት ተኩል ሲካፈል ሃያ ሦስት ነጥብ አራት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያው ዓመት የሠራቸውን ሁለት የጎረቤት መስኮቶችም ለካሁ። ያው ነው። የአንደኛው ቤት እመቤት የቀበሌ ሰው መስያት ስለ ግብር ስትከራከረኝ ነበር። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነገር ከሁለት ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ልዩነት ሲያሳይ አይቼ አላውቅም። እንዲህ የሚለካ ተማሪ እንደ ነበረኝም አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የደብተሩ ስንዝር 23.4 ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ ሦስት ቦታ ተለክቷል።

አከርካሪው 421.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቆረጥኸው በአርባ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ አትቀጥለው፤ እንደ አዲስ ቁረጥ። የሆዷ አጥንት ከመቶ ወደ 93.6 ይወርዳል፤ ከየጎኑ 3.2 ቀንስለት። በግምት የሞላኋቸውን ስድስቱን አጥንቶች ቅጣው መሬት ላይ በጠጠር እየደረደረ አሳየኝ፤ ልካቸው በአባሪው አለ። ከስድስቱ አራቱን ስቼአለሁ። ክንፉ አምስት ሳይሆን ስድስት ስንዝር ነው፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። "እንደ ጭልፊት ነበር እኮ። መምህርት የዶሮ ክንፍ ሰጥተውታል" አለኝ። ማዕዘኑንም ለክቼዋለሁ።

ፍየሎቹ አሥራ አንድ መሆናቸውን ስነግረው ደስ አለው። የእናቱ ፍየሎች ቁጥር ነው። አንተ አሥር ይበቃሉ ብለህ ተከራክረህ እንደ ነበር አስታውሶ "አሁንም እንዳይቀንስ" ብሎሃል።

ስለ በርህ። የሆዷን ወርድ ስነግረው የሥራ ቤትህን በር ጠየቀኝ። ዘጠና ነው አልሁት። "አራት ስንዝር ያደረግሁት ከቤታችን በር እንድታልፍ አስቤ ነበር። መንኮራኩሯ ልክ ናት፤ የጠበበው የሱ በር ነው" አለ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በሩን አስቀድሞ አስቦት ነበር። እኔ አንተን በጥቅምት ስመክርህ አዲስ ነገር የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ግድግዳህ ከምን እንደ ተሠራ ጠየቀኝ፤ አላወቅሁም። ብሎኬት ከሆነ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብሏል። ከፋሲካ በኋላ የያዘውን ግንብ ከድኖ፣ ክረምት ሳይገባ ይመጣል። መዶሻውን ይዞ ይመጣል፤ መሮ አንተ ታዘጋጃለህ። የግድግዳውን ውፍረት በሴንቲ ሜትር ጽፈህ በቀጥታ ለእሱ ላክ፤ በእኔ በኩል አይሁን። አድራሻው በአባሪው ጀርባ ላይ ነው።

ከመንኮራኩሯ ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ በተመለከተ፣ አንተ ራስህ ጽፈኸዋል። ሥዕሉ የማን፣ ልኩ የማን እንደ ሆነ ሁለቱም ስም ይኑር። የኔ ስም አይግባ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ደብተር ታገኛለህ። ሁሉም ገጽ ባዶ ነው፤ መሐለኛው ብቻ ተሠርቶበታል። ቅጣው ቀኝ እጁን ዘርግቶ አስቀመጠ፤ እኔ ዙሪያውን በጠንካራ እርሳስ አሰመርሁ። ወደ ተቆረጠው ጣት ስደርስ እጁን ሊያነሣ ነበር፤ ቆይ አልሁት። የጣቱን ጫፍ ከአውራ ጣቱ ጫፍ ሃያ ሦስት ነጥብ አራት ሴንቲ ሜትር ላይ አሳረፍሁት፤ ቀድሞ ወደ ነበረበት። ከአንጓው በላይ ያለውን በሙሉ መስመር አልሣልሁትም። በቁርጥራጭ መስመር ነው ያደረግሁት፤ ምን ማለት እንደ ሆነ አስተምሬሃለሁ።

ለተሥላሴ